ኢንኤሊጋንት ሰዎችን ፍለጋ ወደ ቆቦ

ደሴ የተቀመጠ ሰው ስለ ቆቦ የሚያውቀው ሙቀቱን ነው፤ እሱንም በወሬ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ከዚያ የተሻለ አላውቅም ነበር። ወልድያ ድረስ ለንግድ ደጋግሜ ሄጃለሁ። ከወልድያ ወዲያ ግን ደንበኛ አልነበረኝም። የምሸጠው መጋረጃና የሶፋ ልብስ ነው። ደንበኛ ወደሌለበት አገር መሄድ ሽርሽር ይባላል፤ እኔ ደግሞ በሌላ በሌላ እታማ ይሆናል እንጂ በሽርሽር አልታማም።

ያስኬደኝ ጣጣ ይህ ነው። የእህቴ የዘይነባ ልጅ ሐያት ቆቦ ላይ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። እዚያው እንድሪስ የሚባል የውሃ ሞተር የሚጠግን ልጅ ወደደች፣ ልጁም በደንቡ ሽማግሌ ላከ። የሐያት አባት በሕይወት ስለሌለ የአጎትነቱ ቃል የእኔ ነው። እንድሪስን ያሳደጉት አጎቱ አባ ከድር ሽማግሌዎቹን እየመሩ ከዋጃ አጠገብ ካለ መንደር ደሴ ድረስ መጡ። እኔ ያን ቀን ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ ወርጄ ነበርና አላገኘኋቸውም። ስመለስ ያገኘሁት እህቴን ነው፤ ፊቷ እንደ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ።

«ሰው እንዴት ሰው ቤት ገብቶ አንዲት ጥሩ ቃል ሳይተነፍስ ይወጣል?» አለችኝ። «ሶፋው አዲስ ነው፤ አላዩትም። መጋረጃውን ያንተን ምርጡን ነው የሰቀልኩት፤ አላዩትም። ያን ሁሉ ምግብ በሉ፣ ዱአ አደረጉ፣ ተነሱ። እሱስ ይሁን። ልጄን ከቆቦ አስመጥቼ፣ አልብሼ፣ ሻይ ይዛ ስትገባ ማሻአላህ እንኳ አላሉም። ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ጣሪያው ምን አለው?»

ልጇ ጀማል አዲስ አበባ ላይ የሰው ቤት እያስዋበ ነው የሚኖረው። የዚያን ሰሞን ለእረፍት መጥቶ ስለነበር ነገሩን በአንድ ቃል ዘጋው። «እማ፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም» አላት። «ኢንኤሊጋንት ናቸው።»

ኤሌጋንትን በታፔላ አውቀዋለሁ። የወንድ ሱፍ የሚሸጥ ኤሌጋንት አለ፣ ፀጉር የሚያስተካክል ኤሌጋንት አለ፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ዶሮ የሚጠብስ ኤሌጋንት ሰፈራችን ተከፍቶ ነበር። ያማረ፣ የተዋበ፣ ለዛ ያለው ማለት ነው። ጀማል እንዳስረዳኝ «ኢን» ከፊት ሲገባ ያን ሁሉ ይገፈዋል። ውበት የጎደለው፣ ለዛ ቢስ፣ እንዲህ ያለ ነገር። እህቴ ቃሉን ወደደችው። ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤቷ ኢንኤሊጋንት፣ የገዛችው ጎመን ኢንኤሊጋንት፣ የእኔ ጫማ ኢንኤሊጋንት ሆነን ሰነበትን። በነጻ የተገኘ ዕቃ እንዲህ ነው፤ ሰው አይቆጥበውም።

በመጨረሻ ፍርዱ ወደ እኔ መጣ። «ሂድና ቤታቸውን እይ» አለችኝ። «አኗኗራቸውን እይ። አንተ አይተህ አዎ ካልክ ልጄን እሰጣለሁ። አይሆንም ካልክ አይሆንም፤ ሌላ ሽማግሌ ቢልኩም በሬን አልከፍትም።»

ሐያት ይህን ስትሰማ ደወለችልኝ። «ና አጎቴ፣ እየው» አለችኝ። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ ግን ስልኩን ቶሎ አልዘጋችውም። «ብቻ በደሴ ዓይን አትየው።»

ሌላ ዓይን ከየት እንደማመጣ አልነገረችኝም።

ሐሙስ

ከደሴ መናኸሪያ የወጣሁት ኮት ደርቤ፣ በኮቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሜ ነው። ሐይቅን ስናልፍ ሻርፑ ወረደ። መርሳ ላይ ኮቱ ጉልበቴ ላይ ነበር። ወልድያ ስንደርስ ኮቱ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ እኔ ልከተለው ምንም አልቀረኝም። የደሴ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ እንደ ሽንኩርት ነው፤ በየከተማው አንድ ልጣጭ እየጣለ ይሄዳል።

ከጎኔ የተቀመጠው አንዱዓለም የሚባል የሒሳብ መምህር ነበር፤ የጎጃም ሰው፣ ቆቦ ተመድቦ የሚያስተምር። የተማረ ሰው ሳገኝ በከንቱ አላሳልፍምና ስለ ቃሉ ጠየቅኩት።

«ኢንኤሊጋንት? እኛ እኮ በሒሳብ እንጠቀምበታለን» አለኝ።

«ሒሳብ ደግሞ ምን ማማር አለበት?»

«አንድ ተማሪ መልሱን ያገኘዋል። መልሱ ልክ ነው። ግን በሦስት መስመር የሚያልቀውን ገጽ ሙሉ ዞሮ፣ ወድቆ ተነስቶ ነው የደረሰበት። ያ አሠራር ኢንኤሊጋንት ነው።»

«ታዲያ ትሰርዝበታለህ?»

«ለምን እሰርዝበታለሁ? ልክ ነው እኮ» አለ፣ የተቀየመ መስሎ።

ይህ ጀማል ከነገረን ጋር አልተገጣጠመልኝም። ጀማል ቃሉን የሰጠን እንደ ፍርድ ነበር፤ ይህኛው ደግሞ ማለፊያ ነጥብ እየሰጠው ነው።

ጎብዬ ልንገባ ስንል ሚኒባሱ ማንኮራፋት ጀመረ፣ ከዚያ በእንፋሎት ተሸፈነ። የራዲያተሩ ጎማ ፈንድቷል። ሾፌሩ ምንም አልደነገጠም። ከመቀመጫው ሥር አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ አወጣ፣ በምላጭ እንደ ጥብጣብ ሸነሸነው፣ የፈነዳውን ቦታ ጠመጠመ፣ በሽቦ አሰረ፣ ሽቦው ላይ ደግሞ ፌስታል አሰረ። ፌስታሉ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። አንዱዓለም ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ይኸውልህ» አለኝ። «ኢንኤሊጋንት ማለት ይህ ነው።»

«ያደርሰናል?»

«ያደርሰናል። ሲያዩት ግን ዓይን ይወጋል።»

እስኪበርድ ድረስ አስፋልቱ ዳር ያለች ሻይ ቤት ተጠለልን። ባለቤቷ ላቤን አይታ ወንበር ጥላ ውስጥ አዞረችልኝ፣ ፊቴን የምታጠብበት ውሃ አመጣችልኝ፣ ፓፓያ ቆርጣ አቀረበችልኝ። ደሴ ቢሆን ለወንበሩ ብቻ አንድ ሻይ መጠጣት ነበረብኝ። «እንዲህ ያለ ፓፓያ በልቼ አላውቅም» አልኳት። ገብታ ሁለት ፓፓያ በፌስታል ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ዋጋ ብጠይቃት «ወይ አንተ» ብላኝ ሄደች። ደንበኛ መሳቢያ ነው ብዬ አሰብኩ። ነጋዴ ደግነትን ሁሉ ማስታወቂያ ብሎ ይተረጉመዋል።

ቆቦ ስንደርስ ሐያትና እንድሪስ ባጃጅ ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። እንድሪስ ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ግሪስ ነበርና ለሰላምታ ክንዱን ሰጠኝ። የእጁን ግሪስ አየሁ እንጂ ከአፉ ምንም ማግኘት አልቻልኩም። እነሱ ቤት እንዳርፍ ተለመንኩ፤ ነገሩ ሳያልቅ የልጁን ወገን እንጀራ ብዙ መብላት ፍርድ ያጣምማል ብዬ ሆቴል ያዝኩ። የክፍሌ ማራገቢያ እንደሚያስብ ሰው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አስቦ አስቦ ግን ምንም አይወስንም። ደሴ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደርቤ የማድረውን ሰው፣ እዚህ አንሶላውም ጠላት ሆኖብኝ አደረ።

ዓርብ

ሐያት ክፍል ስለነበራት እንድሪስ ብቻውን ወሰደኝ። በአስፋልቱ ዋጃ ድረስ ሄድን፣ ጁምዓ ሰገድን፣ ከዚያ በማሽላ እርሻ መካከል ወደ መንደሩ ታጠፍን። ማሽላው ከባጃጁ ይረዝማል። መንገዱ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ወገቤ ነው።

አባ ከድር በራፋቸው ላይ ቆመው ነበር የጠበቁን። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በእጃቸው ከመያዝ ብዛት የተወለወለ ጥቁር ዱላ። ሰላምታው ረዘመ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ደሴ ዝናብ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ እህቴ፣ ስለ እህቴ ጎረቤቶች። ስለ መጣሁበት ጉዳይ ግን አንድም አልጠየቁኝም። ቤቱን አየሁ። ግድግዳው ጭቃ፣ መጋረጃ የለ፣ ሶፋ የለ፣ መስተዋት የለ። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ሳሎን ባየሁ ባለቤቱን በዱቤም ቢሆን መጋረጃ አስይዤው ነበር የምወጣው።

እዚህ ላይ አንድ የሙያዬን ነገር ልናገር። ዕቃ ስገዛ አላሞግስም። የወደድኩትን ጨርቅ «ቀለሙ ለቋል፣ ጠርዙ ተተርትሯል» ብዬ ነው የምጀምረው። እንግዳ ስሆን ግን አፌን እለቀዋለሁ። ሙገሳ ኪስ አይጎዳም፤ የደሴ ሰው ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ ከበር ጀምሮ ካላሞገሰ እንደታመመ ይቆጠራል። ስለዚህ ደጁ ላይ የታሰረውን ሙክት ፍየል አየሁና ሥራዬን ጀመርኩ።

«አባ ከድር፣ ማሻአላህ፣ ፍየሉ እንዴት ያምራል» አልኩ።

ፍየሉን አዩት። እኔን አዩኝ። «ወደድከው?» አሉኝ።

«እንዴት አልወደው።»

«እንድሪስ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እንድሪስ ገብቶ ቢላዋ ይዞ ወጣ።

እኔ እንግዳ አክባሪነት መሰለኝ፤ ልቤም ትንሽ ተነካ። ምግቡ እስኪደርስ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ወሬው ሲያልቅብኝ ዓይኔ ዱላው ላይ አረፈ።

«ዱላዎ ደግሞ እንዴት ያለ ነው» አልኩ። «እንዲህ ያለ ደሴ አይገኝም።»

«ወይራ ነው» አሉ። «ያባቴ ነበር።» አሉና ዱላውን ሁለት እጃቸው ላይ አጋድመው ሰጡኝ።

«በአላህ፣ እንዴት ይሆናል» አልኩ። ደሴ ላይ ሦስት ጊዜ እምቢ ይባላል፤ በሦስተኛው ሰጪው ዕቃውን ይዞ ይመለሳል፣ ሁለቱም ተከባብረው ይለያያሉ። ሦስቴ እምቢ አልኩ። በሦስተኛው አባ ከድር ዱላውን ጭኔ ላይ አስቀምጠው ተነሱ፤ ከአጥሩ ላይ ቅርፊቱ ያልተላጠ የግራር ቅርንጫፍ ሰብረው መጡና እሱን ተደግፈው ተቀመጡ። እኔ የአባታቸውን ዱላ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እሳቸው እሾህ ይነቅላሉ። ሽማግሌን በቀን የዘረፍኩ መሰለኝ። ግን እንዴት እንደዘረፍኩ አልገባኝም።

ባለቤታቸው እመት ፋጡማ ምግቡን አቀረቡ። የማሽላ እንጀራ፣ ያሞገስኩት ፍየል፣ አናቱ ላይ ቅቤ። ደሴ ጤፍ ካልሆነ ፊቴን የማዞረው ሰው ጣቴን ልበላ ምንም አልቀረኝም።

«እመት፣ ወጡ እጅ ያስቆረጥማል።»

ሄደው ድስቱን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። ክዳኑንም ጨምረው።

እንድሪስን አየሁት። አንገቱን አቀርቅሮ እንጀራውን ይቆርሳል፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ማምሻውን ወደ ቆቦ ልመለስ ስነሳ «በዚህ ሰዓት እንግዳ አይሸኝም» ተባለና ከደጅ ጠፍር አልጋ ተነጠፈልኝ። ስለ ፍርድ መጣመም ያልኩትን ሆድ ሙሉ ፍየል ይዤ መድገም አልቻልኩም።

ቅዳሜ

ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ከማሽላው ላይ እየመጣ ሲዳብሰኝ ነበር። ትንኝ የለ፣ ማራገቢያ የለ። አባ ከድር ከሱብሂ ስግደት በኋላ መጥተው «እንዴት አደርክ?» ሲሉኝ ከልቤ ነው የመለስኩት።

«አልሃምዱሊላህ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። አልጋው ነው መሰለኝ፤ እንዴት ያለ አልጋ ነው።»

ቁርስ በልቼ ስወጣ አልጋው በቦታው የለም። እንድሪስ ባጃጁ ጣሪያ ላይ አውጥቶት፣ አራት እግሩ ወደ ሰማይ ተሰቅሎ፣ በከመነዳሪ ሽንሽን ያስረዋል።

«ምን እየሆነ ነው?» አልኩት።

«እየጫንኩልህ ነው አጎቴ» አለኝ። ከሐሙስ ጀምሮ ከአፉ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

በዚህ መሃል ሐያት ከቆቦ ደረሰች። እኔን ዱላ ይዤ አየችኝ። አባ ከድርን ቅርንጫፍ ይዘው አየቻቸው። አልጋውን ባጃጅ ላይ አየችው። ከዚያ የፍየሉን ቆዳ አጥር ላይ ተሰጥቶ አየች። እንጨት ላይ ተቀምጣ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አጎቴ፣ አሞገስክ?» አለችኝ ትንፋሿ ሲመለስ።

«አዎ። ሥርዓት አለኝ።»

«እዚህ አባ ከድር ቤት ሙገሳ ልመና ነው። የድሮ ሰዎች ናቸው። የሰው ዕቃ ያምራል ካልክ ስጡኝ ማለትህ ነው፤ ካልሰጡህ ነውሩ የነሱ ነው። እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ቀን አውራ ዶሯቸውን ወስጃለሁ። አሁንም ከነነፍሱ አለ፣ በር ላይ ይጮህብኛል።»

«ታዲያ እንድሪስ ለምን አልነገረኝም?»

«እንግዳን አትጠይቅ ማለት እኮ አልሰጥህም ማለት ነው። እንዴት ብሎ ይነግርሃል?»

እዚህ ላይ የደሴው ሳሎን ትዝ አለኝ። አባ ከድር አዲሱ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ሶፋውን እንዳያዩ፣ መጋረጃውን እንዳያዩ፣ ዓይናቸውን ጣሪያ ላይ ሰክተው። ሐያት ሻይ ይዛ ስትገባ ደግሞ ጣሪያውን አጥብቀው ይዘው።

«አንቺንም ያላሞገሱሽ…»

ሳቋ ቆመ። «በነጋታው ጠየቅኳቸው» አለች። «ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ሽማግሌ ለአንድ ነገር ነው የሚሄደው። በአፋችን ደንብ አድርገን ለመንን፤ በዓይናችን ደግሞ ብንለምን እናትሽን ማስገደድ ነው።› ለእማ ደውዬ ነገርኳት። እየሸፈንሽላቸው ነው አለችኝ። ዝም ማለትም ባህል ሆነ ወይ አለችኝ።»

ነጋዴ ሆኜ ይህን አለማስተዋሌ ነው ያናደደኝ። አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ዕቃ እንደማያሞግስ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሱቄ ገብቶ «ያምራል፣ ያምራል» እያለ የሚዞረው ሰው አንድም ቀን ገዝቶኝ አያውቅም። ዝም ብሎ ጣሪያ የሚያየው ነው የሚገዛው።

«አሁን ንገሪኝ» አልኳት። «አንቺ የእንግሊዝኛ መምህርት ነሽ። ወንድምሽ ኢንኤሊጋንት ናቸው አለ። ናቸው ወይስ አይደሉም?»

«ጀማል ቃሉን እንደ ስድብ ነው የወረወረው። ባለጌ ማለት አይደለም፣ ድሃ ማለትም አይደለም፣ አስቀያሚ ማለትም አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚባለው ሰው ላይ ሳይሆን አሠራር ላይ፣ አካሄድ ላይ፣ አነጋገር ላይ ነው። ነገሩ ይሠራል፣ ግን ለዓይን አልተለፋበትም። ያንን» አለች፣ አገጯን ወደ ባጃጁ አነሳች፣ «ያንን አስተሳሰር ኢንኤሊጋንት ልትለው ትችላለህ።»

እንድሪስ አልጋውን በሁለት እጁ ነቅነቅ አደረገው። አልጋው አልተነቃነቀም፤ ባጃጁ ተነቃነቀ።

«የኛስ ሳሎን?»

«የኛ ሳሎን ኤሌጋንት ነው» አለች። «ማንም አይተኛበትም እንጂ።»

ከዚያ ዝም አለች። የዝምታውን ትርጉም አወቅሁት። ነገ እሑድ ነው፤ እሑድ ቃሌን ሰጥቼ እመለሳለሁ። የሷ ነገር እኔ አፍ ላይ ነው፤ እሷም እንደ አባ ከድር ናት፣ ሁለተኛ አትለምንም።

ወዲያው አንድ የአፋር ደንበኛቸው ግመል እየሳበ በደጁ አለፈ፤ አባ ከድር ከሱ ጋር በሽርክና የያዟት ናት ተባለ። ነጭ፣ ረጅም አንገት፣ ሽፋሽፍቷ እንደ ሙሽራ። አፌን ከፈትኩ። ሐያት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«አጎቴ፣ ባላህ፣ ጣሪያ እይ።»

ጣሪያ አልነበረም። ሰማይ አየሁ።

እሑድ

ጠዋት የመንደሩ ሽማግሌዎች ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ስለ ዝናብ ተወራ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ደሴ ውስጥ ደረጃ መውጣት ጉልበት ስለማድከሙ። ሐያት ከእመት ፋጡማ ጎን ቆማ ጉድፍ የሌለበትን ማሽላ ታበጥራለች። እንድሪስ በባጃጁ ላይ ጎንበስ ብሎ የጠበቀውን ቋጠሮ እንደገና ያጠብቃል።

እኔ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። የደሴ ንግግር ነው፤ በምሳሌ ተጀምሮ፣ በግጥም ተሸፍኖ፣ እህቴ ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች በሚል የሚያልቅ። ለሁለቱም ወገን መውጫ የሚተው ንግግር። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ሽማግሌዎቹን ሳይ፣ ሁሉም ዓይናቸውን ከኔ ላይ አንስተው የዛፉን ቅጠል ያያሉ። መልስ እንዳያስገድዱኝ ነው። አባ ከድር ግራሩን ተደግፈዋል፤ መዳፋቸው በሻሽ ተጠቅልሏል፣ እሾህ ወግቷቸዋል።

ንግግሩ ጠፋኝ። አፌን ከፍቼ እንድሪስን በዱላው ጠቆምኩት።

«አባ ከድር» አልኩ፣ «ልጅዎ ማሻአላህ ያምራል። በጣም ነው የወደድኩት።»

የማሽላው መበጠር ቆመ። እንድሪስ ቋጠሮውን እንደያዘ ቀረ። አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

አባ ከድር ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ፍየሉን ሳታውቅ ነው የጠየቅከኝ» አሉ። «ዱላውንም ሳታውቅ። አልጋውንም።»

«አዎ።»

«ይኼንንስ?»

«ይኼን አውቄ ነው።»

እጃቸውን በሻሹ እንደተጠቀለለ ወደ ሰማይ አነሱ፣ ሽማግሌዎቹም ተከተሉ። «ሰጥተንሃል» አሉ። «ውሰደው። ብዙ አይናገርም፣ ደሞ ብዙ ይበላል። መመለስ የለም፣ የተወሰደ ዕቃ ነው።» ዱአው ተደረገ። ሐያት ሰፌዱን ይዛ ወደ ቤት ገባች፤ ማሽላው በራፉ ላይ ተበትኖ ነበር፣ ዶሮዎቹ ከኔ በፊት ነገሩን አከበሩት።

ስሸኝ አጠገቤ መጥታ «አጎቴ፣ ይኼ ኤሌጋንት ነበር» አለችኝ በጆሮዬ። ቃሉ እኔ ላይ ሲውል የመጀመሪያው ነው። ክብሩን በቅጡ ሳላጣጥመው ግን አልጋው ከነእግሩ ከባጃጅ ወደ ሚኒባስ ጣሪያ ተዛወረ፣ እኔም ተከትዬው ወደ ቤቴ ተነሳሁ።

ከቆቦ እስከ ደሴ አልጋው የማይጠየቅበት ከተማ የለም። ጎብዬ ላይ ሊገዙት ጠየቁኝ። ወልድያ ላይ በሽተኛ የጫንን የመሰላቸው ሴትዮ አላህ ይማርልህ አሉኝ። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ጣሪያውን አይቶ አወረደኝ።

«ይህ አልጋ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ገዝተኸው?»

«አሞግሼው» አልኩ። ለጥቂት ጊዜ አየኝና እለፍ አለኝ። ከሙቀቱ ነው ብሎ ይሆናል። መርሳ ላይ ኮቴን ለበስኩ፣ ሐይቅ ላይ ሻርፔን ጠመጠምኩ፤ ሽንኩርቱ ልጣጩን መልሶ ለበሰ።

እህቴ በራፏ ላይ አልጋውን አይታ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ይህን ኢንኤሊጋንት ነገር ከደጄ አንሳልኝ» አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እና? ናቸው?» አለችኝ።

«ናቸው» አልኳት። «ለዓይን አይለፉም። ልጅሽን ስጪ።» ከዚያ የዱላውንም የፍየሉንም የጣሪያውንም ነገር ከስሩ ነገርኳት። ስጨርስ ተነሳች። ሄዳ ጣሪያዋን አየች፤ ሌላ ሰው ያየላትን ነገር አይታው እንደማታውቅ ሁሉ።

ቀን ለመቁረጥ አባ ከድር ሰዎቻቸውን ይዘው ደሴ ሲመጡ እኔ በር ላይ ዱላዬን ይዤ ተቀበልኳቸው። እሳቸው አሁንም በግራራቸው ናቸው፤ ብቻ ቅርፊቱ ተልጧል። ዱላውን አዩ፣ ዝም አሉ። ገብተው ያው ሶፋ ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ያው ጣሪያ ላይ ሰቀሉ። እህቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። «አሁንም ምንም አላሉም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አልሃምዱሊላህ በይ» አልኳት። «ምን ላይ ልንቀመጥ ነበር?»

ቀኑ ተቆረጠ፣ ዱአ ተደረገ፣ ሐያት ሻይ ይዛ ገባች። አባ ከድር ከጣሪያው ወረዱ። ቀና ብለው አዩዋት። «ልጅቷ ማሻአላህ ታምራለች» አሉ። እህቴ የሻርፗን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች፤ «ሰጥተናል» ለማለት እኔን አልጠበቀችም።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ዘመድ ነንና አልቸኮሉም። «ሙሄ» አሉኝ፣ «ዱላህ ደግሞ እንዴት ያለ ነው። እንዲህ ያለ ዋጃ አይገኝም።»

ተነሳሁ፣ ሁለት እጄ ላይ አጋድሜ ሰጠኋቸው። አንዴም እምቢ አላሉኝም። ዱላውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እየዳበሱ፣ ዓይናቸውን ቀስ አድርገው ሳሎኑ ውስጥ ማዞር ጀመሩ። መጋረጃው ላይ ትንሽ ቆዩ። ወደ ሶፋው ሲመጡ እህቴ ሻይዋን አስቀምጣ ፈጠን ብላ ሄደችና፣ እንግዶቹን ገፋ ገፋ አድርጋ፣ ሶፋዋ ላይ ተቀመጠችበት።